አንድ የውል ዋጋ፣ ብዙ ዓይነት ሱፍ፦ እንግሊዝ በጦርነቱ ጊዜ የአውስትራሊያን ሱፍ የገዛችበት አሠራር

ጥያቄ፦ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት የአውስትራሊያን ሱፍ በሙሉ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ገዛ ሲባል አነበብኩ። ሱፍ ግን ቀጭንም ወፍራምም፣ ንጹሕም ቆሻሻም አለው። ለሁሉም አንድ ዋጋ ከተከፈለ ጥሩ ሱፍ ያመረተው ሰው አልተበላም ወይ? ደግሞስ አርቢው በአጠቃላይ ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ?»

ምላሽ፦ አንድ ቁርጥ ዋጋ መኖሩ እውነት ነው፤ ለአርቢው በቀጥታ የተከፈለው ግን እሱ አልነበረም። ቁርጡ ዋጋ ሁለት መንግሥታት የተስማሙበት የአገሩ ሱፍ ሁሉ አማካይ ነው። አርቢው የሚያገኘው የራሱ ሱፍ ተገምቶ በወጣለት ዋጋ ልክ ሆኖ፣ ዓመቱ ሲዘጋ የሁሉም ግምት በአንድ መቶኛ ከፍ ወይም ዝቅ እየተደረገ ከአማካዩ ጋር ይገጣጠማል። ጥሩ ሱፍ ያመረተው ሰው በዚህ አሠራር አልተበላም። የተጎዳ ካለ የተጎዳው በሌላ በኩል ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ቃላቱ ትንሽ ልበል። ሱፍ የምለው የበጉን ፀጉር ነው እንጂ ዘይት የሚጨመቀውን አይደለም። ገንዘቡም ክብደቱም ፓውንድ ስለሚባል እንዳይምታታ ክብደቱን ሊብራ እለዋለሁ፤ አንድ ሊብራ 453.6 ግራም ገደማ ነው። በዘመኑ አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ስለነበር ፓውንዱ 240 ፔንስ ይሆናል። ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ የመጣው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በ1916 መጨረሻ እንግሊዝ የአውስትራሊያንና የኒውዚላንድን ሱፍ ጠቅልላ ለመግዛት ተስማማች። ዋጋው ከጦርነቱ በፊት በነበረው ላይ 55 በመቶ የተጨመረበት ሲሆን ለአውስትራሊያ ላልታጠበ ሱፍ በሊብራ 15 ተኩል ፔንስ ሆነ። በአውስትራሊያ በኩል ሥራውን የመራው ሰር ጆን ሂጊንስ የሰበሰቡት ማዕከላዊ የሱፍ ኮሚቴ ነበር። ግዢው ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እስከ ሰኔ 1920 ዘለቀ። በዚያ ጊዜ የተሠራው መዋቅር ጥሩ ስለነበር በመስከረም 1939 ጦርነት ሲነሣ ከዜሮ መጀመር አላስፈለገም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ውሉ ተቋጨ፣ ኮሚቴውም በዚያው ስሙ እንደገና ተቋቋመ። በ1940 ሰብሳቢ የሆኑት ሰር ኦወን ዲክሰን የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። የሱፍ ነጋዴ ሳይሆን ዳኛ ለዚህ ቦታ መመረጡ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሥራው ከንግድ ይልቅ ወደ ድርሻ ክፍፍል ያዘነብላልና።

የሁለተኛው ጦርነት ውል እንዲህ ነበር። እንግሊዝ ለጦርነቱ ዘመንና ከዚያ በኋላ ላለው አንድ ሙሉ የሱፍ ዓመት ምርቱን ሁሉ ትገዛለች። የሱፍ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ላልታጠበ ሱፍ የሚከፈለው አማካይ በሊብራ 10.75 የእንግሊዝ ፔንስ ነው። የአውስትራሊያ ፓውንድ በዚያን ጊዜ 125ቱ በ100 የእንግሊዝ ፓውንድ ስለሚመነዘር፣ 10.75 በ1.25 ሲባዛ 13.4375 የአውስትራሊያ ፔንስ ይወጣል። «አሥራ ሦስት ከሰባት አሥራ ስድስተኛ» የምትለዋ ግራ የምታጋባ ቁጥር የመጣችው ከዚሁ ምንዛሪ ነው። በ1942 ደግሞ 15 በመቶ ተጨመረና 15.45 ገደማ ደረሰ። እንግሊዝ ሱፉን ከራሷ ውጭ ለሌላ አገር ስትሸጥ የምታገኘው ትርፍ ለሁለት እኩል ይካፈላል የሚል አንቀጽም ነበረው።

ሱፉ ታጭቆ የሚቀርብበት ጥቅል በአብዛኛው 300 ሊብራ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ በ13.4375 ሲሰላ አንድ ጥቅል 16 የአውስትራሊያ ፓውንድ ከ15 ሺሊንግ ከ11 ፔንስ ከሩብ ያወጣል ማለት ነው። የአንድ ዓመት ምርት ከ1 ቢሊዮን ሊብራ በላይ ስለነበር የአንድ ፔኒ ልዩነት እንኳ በጠቅላላው ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይሆናል። ሁለቱ መንግሥታት በሩብ ፔኒ የሚከራከሩት ለዚህ ነው።

አሁን አንዱ ቁጥር ወደ እያንዳንዱ አርቢ ዋጋ የሚለወጥበትን መንገድ እንከተል።

በጎቹ ተሸልተው ሱፉ በእርባታው ላይ ይለያያል። የአንድ በግ ሽልት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ ይነጠላል፤ የሆድ ሱፍ ለብቻ፣ ብጥስጣሹ ለብቻ፣ የጠቦት ሱፍ ለብቻ ይሆናል። ከዚያ በጁት ጆንያ ታጭቆ፣ የእርባታው ስምና የሱፉ ዓይነት ተጽፎበት ወደ ሻጭ ወኪሉ መጋዘን ይላካል። መጋዘኖቹ ሲድኒ፣ ሜልቦርን፣ ጂሎንግ፣ ብሪዝበን፣ አደላይድ፣ ፍሪማንትልና ሌሎችም ወደቦች ላይ ነበሩ። በሰላም ጊዜ እዚያ ጨረታ ይካሄዳል፤ በጦርነቱ ግን ጨረታው ቀርቶ ግምት ተተካ። ሕንፃው ያው፣ ወኪሉ ያው፣ የሚያዩትም ሰዎች ያው የሱፍ ገዢዎችና የወኪሉ ባለሙያዎች ናቸው። የተለወጠው ነገር ተጫርቶ የሚያሸንፍ አለመኖሩ ነው። ይህ የአሠራሩ ትልቁ ብልሃት ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ የመንግሥት ሠራተኞች ከመቅጠር ይልቅ ሥራውን የሚያውቀው ነጋዴ በክፍያ ገማች ሆነ።

ጥቅሎቹ መጋዘኑ ላይኛው ፎቅ ላይ ተደርድረው አፋቸው ይቀደዳል። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ መስታወቱ ወደ ደቡብ ያያል፤ በዚያ የምድር ንፍቅ ፀሐይዋ በሰሜን ስለምትሄድ ከደቡብ የሚገባው ብርሃን ጥላ አይጥልም፣ ቀለሙንም አያዛባም። ገማቹ እፍኝ ሱፍ መዝዞ ያያል፣ ይስባል፣ በጣቱ ያሻል። ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ዓይነቱንና የንጹሑን ድርሻ።

ዓይነቱ የሚለየው በፀጉሩ ቅጥነት፣ በርዝመቱ፣ በጥንካሬው፣ በቀለሙና በያዘው ጭጎጎት ነው። ቅጥነቱ የሚነገረው በቁጥር ነበር። 64 የሚባል ሱፍ ከአንድ ሊብራ የተበጠረ ሱፍ እያንዳንዳቸው 560 ያርድ የሚረዝሙ 64 ልቃቂት ክር ሊፈተልበት የሚችል ማለት ነው። ሜሪኖ የሚባለው ባለ ቀጭን ሱፍ የበግ ዝርያ ከዚያው አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፤ የድቅል በጎች ሱፍ እየወፈረ ወደ 50ዎቹና ወደ 40ዎቹ ይወርዳል። የመንዝ በግ ሱፍ ለባናና ለበርኖስ እንጂ ለእንዲህ ያለ ቀጭን ፈትል የማይሆነው ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ታጥቦ ንጹሕ ሲሆን የሚያወጣው ዋጋ የሰፈረበት ሠንጠረዥ ነበር፤ በውስጡ የተዘረዘሩት ዓይነቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ገማቹ ዋጋ አይፈጥርም፤ ሱፉን ከሠንጠረዡ ላይ ከትክክለኛው መስመር ጋር ያገናኛል።

ቀጥሎ የንጹሑ ድርሻ አለ፤ አስቸጋሪውም እሱ ነው። ያልታጠበ ሱፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ወዝ፣ ላብ፣ አቧራና ጭጎጎት ነው። ለምሳሌ ያህል በንጹሑ 26 ፔንስ የሚያወጣ አንድ ዓይነት ሱፍ በሁለት ጥቅል ቀረበ እንበል። አንደኛው ሲታጠብ 55 በመቶ የሚቀረው፣ ሌላው 45 በመቶ የሚቀረው ቢሆን፣ ሳይታጠቡ ዋጋቸው 14.3 እና 11.7 ፔንስ ነው። በ300 ሊብራ ጥቅል ላይ ልዩነቱ 3 ፓውንድ ከ5 ሺሊንግ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚወሰነው በዓይንና በእጅ ነበር፤ ሱፍን በመሣሪያ ለክቶ መሸጥ በአውስትራሊያ የተለመደው በ1970ዎቹ ነው። ገማቹ በሁለት መቶኛ ብቻ ቢሳሳት በሊብራ 0.52 ፔንስ ነው፤ መቶ ጥቅል ባቀረበ አርቢ ላይ 65 ፓውንድ ያህል ያጎድላል ወይም ያለአግባብ ይጨምራል። ዓይነትን አሳስቶ መመደብ ብዙ አያጋጥምም፤ ቅሬታ የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ የንጹሑ ድርሻ ነው። ቀይ አፈር ካለበት ደረቅ አገር የመጣ ሱፍ ከላይ ሲያዩት ከእውነተኛው የባሰ ቆሻሻ ይመስላል፤ ወዙ የበዛበት ደግሞ ንጹሕ መስሎ ሲታጠብ ይቀልጣል።

ግምቱ ሲያልቅ አርቢው ወዲያው ሙሉውን አይቀበልም። በመጀመሪያው ጦርነትም በሁለተኛውም መጀመሪያ ላይ ከግምቱ 10 በመቶ በመያዣነት ይቀር ነበር። ብዙ ሰው ይህን ቅጣት ወይም ግብር አድርጎ ይጽፈዋል፤ አይደለም። ምክንያቱ በሒሳብ ይታያል።

ሦስት አርቢዎች ብቻ ያሉበት አገር እናስብ። እያንዳንዳቸው 30,000 ሊብራ አቀረቡ። የአንደኛው ሱፍ 16፣ የሁለተኛው 12፣ የሦስተኛው 9 ፔንስ ተገመተ። የግምቱ አማካይ 12.33 ነው። እንግሊዝ ለመክፈል የተዋዋለችው ግን 13.4375 ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስናካፍል 1.0895 እናገኛለን። እንግዲህ የሁሉም ግምት በ8.95 በመቶ ያድጋል፦ አንደኛው 17.43፣ ሁለተኛው 13.07፣ ሦስተኛው 9.81 ፔንስ። ሦስቱ ሲደመሩና ለሦስት ሲካፈሉ የውሉ ዋጋ ይመጣል። ማንም 13.4375 አልተከፈለውም። በዓይነት ዓይነቱ መካከል ያለው ርቀትም በመቶኛ እንደተጠበቀ ነው።

አሁን ገማቾቹ ለጋስ ሆነው አማካዩ 14 ፔንስ ወጣ እንበል። እንግሊዝ የምትከፍለው ያው 13.4375 ስለሆነ ሁሉም ወደ 95.98 በመቶ መውረድ አለበት። 90 በመቶው አስቀድሞ ተከፍሏልና ከመያዣው 5.98 ነጥብ ተመልሶ የቀረው ይሰረዛል። መያዣ ባይኖር ኖሮ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ አርቢዎች የተከፈለን ገንዘብ መልሶ መሰብሰብ ሊያስፈልግ ነው፤ ያ ደግሞ በየትኛውም አገር የማይሆን ነገር ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ብዙዎች የሚያልፉት ውጤት ይወጣል። አጠቃላይ ገንዘቡ የሚወሰነው በክብደትና በውሉ ዋጋ እንጂ በግምቱ አይደለም። ስለዚህ የሁሉም ሱፍ በአንድ ላይ ቢገነን የሚጠቀም የለም፤ የአንድ ወደብ ገማቾች ብቻ ቢያገንኑ ግን ያ ወደብ ከሌሎቹ ላይ ይወስዳል። ለአርቢው ለጋሱ ገማች ባለውለታ ይምሰለው እንጂ ገንዘቡ የሚወጣው ከእንግሊዝ ሣጥን ሳይሆን ከጎረቤት አርቢ ነው። ሠንጠረዡ ለአገሩ ሁሉ አንድ መሆኑ፣ በየማዕከሉ የሚሰጠው ግምትም እርስ በርሱ መመሳከሩ ቢሮክራሲ ለመውደድ አልነበረም።

ሌላው ውጤት የድርቅ ዓመት ላይ ይታያል። ድርቅ ሲሆን ሱፉ አቧራ ይበዛበታል፣ የንጹሑ ድርሻ ይወርዳል፣ አማካይ ግምቱም አብሮ ይወርዳል። የውሉ ዋጋ ግን ላልታጠበ ሊብራ የተቆረጠ ነው። እንግዲያው እንግሊዝ ለአቧራውም የሱፍ ዋጋ ትከፍላለች፤ የዓመቱ መጨረሻ ጭማሪም ከፍ ይላል። በተቃራኒው ዝናብ ጠግቦ ሱፉ ሲጠራ ጥቅሙ የገዢው ነው። ውሉ በንጹሕ ሊብራ ቢሆን ኖሮ ይህ አይፈጠርም ነበር፤ ነገር ግን ንጹሑን በእርግጠኝነት የሚለካ መሣሪያ በሌለበት ዘመን ሁለት መንግሥታት በሚዛን ላይ የሚታየውን ክብደት መምረጣቸው አያስገርምም።

ወደ ሁለተኛው የጥያቄዎ ክፍል ልምጣ። ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት በነበረው የ1938/39 ዓመት የጨረታው አማካይ 10 ተኩል የአውስትራሊያ ፔንስ ግድም ነበር። በዚህ ሲለካ የ1939ኙ ውል ሠላሳ በመቶ ያህል ጭማሪ ነው። ይልቁንም ማየት የሚገባው ገዢው ማን እንደነበረ ነው። ከአውስትራሊያ ሱፍ ሰፊው ክፍል በሰላም ጊዜ የሚሄደው ወደ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ጀርመን፣ ጣሊያንና ጃፓን ነበር። በ1940 የምዕራብ አውሮፓ ገበያ ተዘጋ፤ ከታኅሣሥ 1941 በኋላ ጃፓንም ጠላት ሆነች። መርከብ እንደ ልብ አይገኝም። እንግሊዝ ግን ሱፉ ተጭኖ ወጣም አልወጣም ትከፍል ነበር። ያልተጫነው ሱፍ በአገር ውስጥ ለዚሁ በተሠሩ መጋዘኖች ተከማቸ። በጨረታ ቢቀር ኖሮ አርቢው ዝቅተኛ ዋጋ ማግኘት ቀርቶ ገዢም ላያገኝ ይችል ነበር። በእኔ ግምት በዚህ ነጥብ ላይ አርቢው በግልጽ ተጠቃሚ ነው።

እንግሊዝም በጎ አድራጊ አልነበረችም። የወታደር ካፖርት፣ ሸሚዝ፣ ካልሲና ብርድ ልብስ ሱፍ ይፈልጋሉ፤ ሱፉ ጠላት እጅ እንዳይገባ ያስፈልጋል፤ ነጋዴዎች እየተሻሙ ዋጋ እንዳይሰቅሉም እንዲሁ። በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ የነበረው የሱፍ ቁጥጥር ቢሮ ለፋብሪካዎች ሱፉን በተወሰነ ዋጋና በኮታ ያድል ነበር፤ ከሰኔ 1941 ጀምሮም የሲቪሉ ልብስ በኩፖን ሆነ። በወረፋ ላይ ያለ ሕዝብ ስለ ዋጋ ንረት እንዳያጉረመርም የጥሬ ዕቃውን ዋጋ ከምንጩ መያዝ ነበረበት። የ1942ቱ 15 በመቶ ጭማሪ የአርቢውን የሠራተኛና የዕቃ ወጪ ንረት ያስታገሰው በከፊል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው ጸንቶ ቀረ፣ ወጪው ግን አልጸናም። በመጨረሻዎቹ የጦርነት ዓመታት የነበረው ምሬት መሠረት አለው።

ጉዳቱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው፦ የሠንጠረዡ መድረቅ። ጨረታ ባለበት ገበያ በቀጭንና በወፍራም ሱፍ መካከል ያለው የዋጋ ርቀት በየሳምንቱ ይንቀሳቀሳል፤ አርቢውም ያንን አይቶ የትኛውን አውራ በግ እንደሚያስገባ ይወስናል። ሠንጠረዥ ግን ያለፈውን ገበያ ፎቶግራፍ ይዞ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ጦርነት ሠራዊት ለደንብ ልብስ የድቅል በግ ወፍራም ሱፍ በብዛት ይፈልግ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሲቪሉ ቀጭን ሜሪኖ ለበሰ፤ በመንግሥት እጅ የቀረው ትርፍ ግን ባብዛኛው ወፍራሙ ሆነ። በ1920 መጨረሻ ዋጋ ሲወድቅ ክፉኛ የተመታው ያ ዓይነት ነው፤ የኒውዚላንድ አርቢዎች ያንን ዓመት በደንብ ያስታውሱት ነበር። ትርፉን ሱፍ ቀስ ብሎ ለመሸጥ በ1921 የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የጋራ የሱፍ ሽያጭ ማኅበር ተቋቋመ፤ አርቢዎች ድርሻቸውን ያገኙት በአክሲዮንና በምስክር ወረቀት ነበር። ክምችቱ ተሸጦ ያለቀው በ1924 ነው።

በ1945 ክምችቱ ከዚያ እጅግ የገዘፈ ነበር፤ ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድና ከደቡብ አፍሪካ የተገዛው ሲደመር ከ10 ሚሊዮን ጥቅል በላይ፣ የሁለት ዓመት ምርት ያህል። እንግሊዝን ጨምሮ አራቱ መንግሥታት ክምችቱን በጋራ የሚይዝ ድርጅት አቋቋሙ። አሠራሩ ሁለት እጅ ነበረው፦ ጨረታ ላይ ዋጋ ከተቆረጠው ወለል በታች ሲወርድ ራሱ ይገዛል፤ ገበያው ሲጠነክር ከክምችቱ እየመጠነ ይለቃል። በአውስትራሊያ ጨረታ እንደገና የተጀመረው በመስከረም 1946 ነው። ክምችቱን ለመጨረስ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ይፈጃል ተብሎ የተገመተው ገበያው ስለተራበ በ1951 ተጠናቀቀ። በዚያው የ1950/51 ዓመት፣ የኮሪያ ጦርነት ባስነሣው ግዢ፣ የአውስትራሊያ አማካይ ዋጋ በሊብራ 144 ፔንስ ደረሰ። ይህን ከ15.45 ጋር አስተያይቶ «አርቢው ተዘረፈ» የሚል ክርክር ይሰማል። ክርክሩ አይቆምልኝም፤ በ1951 የነበረው ገዢ በ1943 አልነበረምና። ከሱፉ ለውጭ የተሸጠው ያስገኘው ትርፍም ለሁለት ተካፍሎ ለአርቢው ደርሷል።

አሜሪካ የተከተለችው መንገድ የተለየ ነው፤ ለማነጻጸር በአጭሩ። በ1918 መንግሥት ሱፉን ሲረከብ መነሻ ያደረገው ሐምሌ 30 ቀን 1917 በቦስተን የነበረውን ዋጋ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ የነጋዴው ኮሚሽንና የማጓጓዣው ወጪ ይቀነሳል፤ የቀረው የአርቢው ነው። ከተፈቀደው በላይ ያተረፈ ነጋዴ ትርፉን እንዲመልስ ደንቡ ያስገድድ ነበር፤ የግብርና ሚኒስቴር ያንን ገንዘብ ሲያሳድድ ዓመታት ፈጅቶበታል። ከሚያዝያ 1943 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት የሆነው የምርት ብድር ኮርፖሬሽን የአገር ውስጡን ሱፍ ከጣሪያ ዋጋው ላይ ወጪን ቀንሶ ገዛ። የዓመት መጨረሻ ማስተካከያ ስለሌለ አርቢው ዋጋውን ወዲያው ያውቀዋል፤ ይህ ከአውስትራሊያው ይሻላል። ችግሩ የመጣው በመሸጫው በኩል ነው። ከውጭ የሚገባው ሱፍ ቀረጥ ተከፍሎበትም ይረክስ ስለነበር ፋብሪካዎች ወደዚያ ዞሩ፣ የመንግሥቱ ሱፍ በመጋዘን ተከመረ፣ በመጨረሻም በኪሳራ ተሸጠ። በሰኔ 1947 ኮንግረስ በሚገባው ሱፍ ላይ ክፍያ ለመጫን ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንት ትሩማን ውድቅ አደረጉት፤ በጄኔቫ የንግድ ድርድር ላይ የነበሩት መንግሥታት፣ በተለይም አውስትራሊያ፣ የሚጠብቁት የቀረጥ ቅነሳ ነበርና። በዚያው ዓመት ቀረጡ በንጹሕ ሊብራ ከ34 ሳንቲም ወደ 25 ተኩል ሳንቲም ወረደ።

ጥያቄዎ ለጥናት ከሆነና ቁጥሮችን ከጽሑፍ የሚያወጡ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ ፔንሱ የእንግሊዝ ነው ወይስ የአውስትራሊያ፣ ሊብራው ሳይታጠብ ነው ወይስ ታጥቦ፣ ዋጋው የመጀመሪያው ግምት ነው ወይስ ከዓመት መጨረሻ ማስተካከያ በኋላ ያለው። በጽሑፎች ውስጥ 10.75 እና 13.44 ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ተደርገው ተነጻጽረው ያገኟቸዋል፤ አንድ ናቸው።